ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ቤተሰብ ስለ መርዳት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አባባሉ እውነት አለው፤ ነገር ግን የደባቂውን ጥፋት ይናገራል እንጂ ደባቂው ለምን እንደ ደበቀ አይጠይቅም። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይኸው ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ባደግሁበት ሰፈር፥ ከቤታችን በሦስተኛው ደጃፍ፥ አንድ ወንድ ልጅ ያላቸው እናት ይኖራሉ። በልጅነቴ ጎረቤት ቡና ሲጠራ ይመጡ ነበር፤ የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን አንድ ቀን ከሰል ዐልቆባቸው፥ አንድ ቀን ራሳቸውን ዐሟቸው፥ ሁልጊዜ ምክንያት ይገኛል። ከጓዳቸው ቃል ያልሆነ፥ ሳያቋርጥ የሚደጋገም የልጅ ድምፅ ይሰማ ነበር። ልጁ የኔ እኩያ ነው። እኛ የሰፈር ልጆች ግን ስሙን አናውቅም፤ «እብዱ» ነበር የምንለው። ትምህርት ቤት አስገብተውት በሁለተኛው ሳምንት «ሌሎቹን ይረብሻል» ተብለው ይዘውት እንደ ተመለሱ፥ ሐኪም «ኦቲዝም ነው» ብሎ የነገራቸውም ልጁ 11 ዓመት ከሞላው በኋላ እንደ ሆነ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ነው። እንግዲህ ያ ቤት 11 ዓመት ሙሉ ሲደብቅ የኖረው ስሙን እንኳ የማያውቀውን ነገር ነበር ማለት ነው።

ኦቲዝምን ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። የቤተሰቡን ብቸኝነት ግን ማስቀረት ይቻላል፤ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ኦቲዝም ምን እንደ ሆነ፥ ቀጥሎ ቤተሰቡ ለምን ሲወቀስ እንደ ኖረ፥ ከዚያም ምን እንደሚጎድለውና ዛሬ በአገራችን ምን ዓይነት ርዳታ እንደሚገኝ፥ በመጨረሻም እኛ ተማሪዎች ምን ልናደርግ እንደምንችል በተራ እገልጻለሁ።

1ኛ/ ኦቲዝም ምንድር ነው?

ኦቲዝም ከአንጐል ዕድገት ጋር የተያያዘ ሁኔታ ነው። እንደ ኩፍኝ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እንደ ወባም ክኒን ተውጦ አይለቅም። ልጁ አብሮት ያድጋል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ መታየት የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው። ሊቃውንት ምልክቶቹን በሁለት ይከፍሏቸዋል።

የመጀመሪያው ከሰው ጋር የመግባባት ችግር ነው። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዘወር አይልም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ጆሮውን ነው። ሌላ ልጅ ውሃ ሲጠማው ወደ ጣሳው በጣቱ ያመለክታል፤ ይህ ልጅ ግን የእናቱን እጅ ይዞ ወስዶ ጣሳው ላይ ያሳርፈዋል። አንዳንዱ ጨርሶ አይናገርም። አንዳንዱ የተነገረውን እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ይላል። ሌላው ደግሞ አሳምሮ ይናገራል፤ ነገር ግን ቀልድና ምፀት አይገባውም፤ የሚነገረውን ሁሉ በሰሙ ይወስደዋል፥ ወርቁ ያመልጠዋል።

ሁለተኛው የመደጋገም ጠባይና የስሜት ሕዋሳት መለየት ነው። ልጁ እጁን ያርገበግባል፤ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ የጠርሙስ ክዳን በመስመር ሲደረድር ይውላል። ወደ ሱቅ የሚኬድበት መንገድ ቢለወጥበት አምርሮ ያለቅሳል። የሙቀጫ ድምፅ፥ የአዲስ ልብስ ስፌት፥ የወጥ ሽታ እኛ ከምንገምተው በላይ ሊያሠቃየው ይችላል። ጎረቤት «ያልተቀጣ ባለጌ» የሚልለት ጩኸት ብዙ ጊዜ የዚህ ሥቃይ ጩኸት ነው።

ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን መርሳት አይገባም። ኦቲዝም እያለባቸው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ፥ ሥራ የያዙ፥ መጽሐፍ የጻፉ አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን የሚያጐርሳቸውና የሚያለብሳቸው ሰው የሚያሻቸውም አሉ። አንዳንዶቹ የአእምሮ ዕድገት ዝግመት ወይም የሚጥል በሽታ ይጨመርባቸዋል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሊታወቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ለኦቲዝም መድኃኒት ባይኖርም ለሚጥል በሽታ መድኃኒት አለ። ልጁ የሚወድቅ ከሆነ ወደ ሐኪም መሄዱ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። ይህን ሒሳብ 5,000 ሰው በሚኖርበት አንድ የገጠር ቀበሌ ላይ ብናውለው ወደ 40 ሰዎች ይሆናሉ። ከመካከላችን በትውልድ ቀበሌው 40 እንዲህ ያሉ ሰዎችን ቆጥሮ መጥራት የሚችል ማን ነው? የማናውቃቸው በር ስለ ተዘጋባቸው፥ ወይም «እብድ»፥ «ዲዳ»፥ «የተለከፈ» የሚል ሌላ ስም ስለ ተሰጣቸው ነው።

ምክንያቱን በሚመለከት፥ ዛሬ ሊቃውንት ከሁሉ የላቀውን ስፍራ የሚሰጡት ለዘር ውርስ ነው። ለዚህ በር የከፈተው ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት የመንትዮች ጥናት ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ቢያንስ አንደኛው ኦቲዝም ያለበትን 21 ጥንድ መንትዮች መረመሩ። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም መንትዮች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከሁለት ዕንቁላል በተገኙት 10 ጥንዶች ዘንድ ግን ሁለቱም ያለባቸው አንድ ጥንድ እንኳ አልተገኘም። ሁለቱም ዓይነት መንትዮች ያደጉት በአንድ ቤት፥ በአንዲት እናት እጅ ነው። ልዩነቱን ያመጣው አስተዳደግ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

በክትባት ምክንያት ይመጣል የሚለውም ወሬ መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ። በኋላ ሥራው ሐቀኝነት የጎደለው መሆኑ ስለ ተደረሰበት መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ። ይህን ወሬ ሰምታ ልጇን ከማስከተብ የቀረች እናት ልጁን ከኦቲዝም አታድነውም፤ ለኩፍኝ ግን ትዳርገዋለች።

2ኛ/ ወቀሳው ከየት መጣ?

«ኦቲዝም» የሚለው ቃል «ራስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። በልጆች ላይ ያለውን ሁኔታ በዚህ ስም ለይቶ በመግለጽ የታወቀው ሊዮ ካነር ነው። ካነር በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ይሠራ የነበረ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ሕፃናት፥ ማለት ስለ 8 ወንዶችና ስለ 3 ሴቶች፥ አንድ ዝነኛ ጽሑፍ አሳተመ። በጽሑፉ ውስጥ ሁኔታው ከልደት የሚመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጾ ነበር። ይሁን እንጂ ወላጆቹ በብዛት የተማሩና ለልጆቻቸው ብዙ ሙቀት የማያሳዩ እንደሚመስሉም ጻፈ። ዘመኑ ይዞ የሮጠው ይህን ሁለተኛውን ነገር ነው። ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካና በአውሮፓ «እንደ ማቀዝቀዣ የቀዘቀዙ እናቶች» የሚል ስም ወጣ። ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለ ሰው በቺካጎ ይመራው በነበረው ትምህርት ቤት ልጆቹን ከእናቶቻቸው ለይቶ ማኖርን እንደ ሕክምና ቆጠረው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው መጽሐፍም ይህን ሐሳብ በየአገሩ አሠራጨው። ልጇ የማይናገርላት እናት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ይዛ የምትመለሰው መድኃኒት ሳይሆን ክስ ነበር።

ይህን ክስ በመጀመሪያ የተቃወሙት ወላጆቹ ራሳቸው መሆናቸውን ልብ እንበል። በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቡና ምሁርና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ሁኔታው ከአንጐል እንጂ ከእናት ፍቅር ማነስ እንደማይመጣ ተከራከረ። በማግሥቱ ዓመት ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ በአሜሪካ የወላጆች ማኅበር አቋቋመ። በለንደን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1962 ወላጆች ተሰብስበው ማኅበር መሥርተው ነበር። ከነርሱም አንዷ ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናትና የአእምሮ ሐኪም የነበረችው ሎርና ዊንግ ናት። ማኅበሩ በ1965 በሲቢል ኤልጋር መሪነት ለነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ካነርም በበኩሉ በ1969 በአሜሪካ ወላጆች ጉባኤ ፊት ቀርቦ ወላጆች ከዚህ ክስ ነፃ መሆናቸውን በግልጽ ተናገረ። በ1975 ደግሞ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት እንዲኖራቸው የሚያዝ ሕግ በአሜሪካ ወጣ፤ ለሕጉ መውጣት ከታገሉት መካከል እነዚሁ ወላጆች ይገኙበታል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ርዳታው የተጀመረው ወላጆች እርስ በርሳቸው ተገናኝተው «ለካስ ብቻዬን አይደለሁም» ባሉበት ቀን መሆኑን ነው። ትምህርት ቤቱም ሕጉም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በኛስ አገር? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክሊኒኮች ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ዝግመት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፥ ከመቶ 27ቱ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ከመቶ 40ዎቹ የመንፈስ ልክፍት ነው አሉ፤ ከመቶ 28ቱ ደግሞ የኃጢአት ውጤት ነው ብለው መለሱ። ከዚህ ሁሉ እኛን ሊያስደነግጠን የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የመገለሉ ስሜት በአሳዳጊው የትምህርት ደረጃ አለመለያየቱ ነው። የተማረውም ያልተማረውም እኩል ተሸማቅቋል። እንግዲህ ዲግሪ መያዝ ብቻውን ከዚህ እንደማያድን ከወዲሁ እንወቅ።

ባሕር ማዶ ክሱ በሳይንስ ስም መጣ፤ በኛ ዘንድ በመንፈስ ስም ይመጣል። የሚያርፈው ግን በዚያችው በእናቲቱ ትከሻ ላይ ነው። «ምን ሠርታ ነው?» ይባላል። አባትየው አንዳንድ ጊዜ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፤ ዘመድ «በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ይላል፤ የልጁ ታላቅ እኅት ለጋብቻ ስትታጭ ልጁ ከጓዳ እንዳይወጣ ይደረጋል። ደባቂው ለምን ደበቀ? መልሱ ይኸው ነው፤ መግለጥ ያለ ጥፋት የሚያስከስስ ስለ ሆነ ነው።

3ኛ/ ቤተሰቡ ምን ይጎድለዋል?

በዚያው ጥናት አሳዳጊዎቹ ከሁሉ ይልቅ ምን እንደ ጎደላቸው ተጠይቀው ከመቶ 75ቱ «ልጄ የሚማርበት ቦታ» ብለዋል። ሕክምና የሚሉት ከመቶ 47፥ የገንዘብ ርዳታ የሚሉት ከመቶ 30፥ ልጁን ለማሳደግ የባለሙያ ምክር የሚሹት ከመቶ 28 ናቸው። ከሕክምናና ከገንዘብ አስቀድመው ትምህርትን መጥራታቸው ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ የአንዲትን እናት አንድ ቀን ማሰብ ይበቃል።

እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር እናት እንውሰድ። ሌሎቹ ልጆቿ ጧት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ይህኛው እቤት ይቀራል። አደጋን ስለማይለይ ምጣዱን በእጁ ሊነካ፥ በሩ ክፍት ከሆነም መኪና ወደሚመላለስበት መንገድ ሊሮጥ ይችላል። ሌሊት እንቅልፍ ስለሚያጣ እሷም አብራ ታድራለች። ታክሲ ላይ ቢጮህ «አውርጂው» ትባላለች። ጥላው የምትሄድበት ሰው የላትም፤ እንጀራውን ካልሸጠች ደግሞ ሌሎቹ ጦም ያድራሉ። አንድ ቀን በሩን ቆልፋበት፥ ወይም እግሩን በገመድ አስራው ገበያ ትሄዳለች። ይህን ያየ ሰው «ጨካኝ» ይላታል። ማሰሩ ልጁን እንደሚጎዳ፥ ሊደረግም እንደማይገባ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ገመዱ የሚፈታው እናቲቱን በመስደብ አይደለም፤ ልጁ ለግማሽ ቀን የሚውልበት ቦታ በማግኘት ነው። «ትምህርት ቤት» ስትል የምትለምነው የፊደልን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመላ ቤተሰቧን እንጀራ ጭምር ነው።

4ኛ/ ዛሬ የሚገኘው ርዳታ

ሀ/ ማእከሎች። በአገራችን በዚህ ረገድ ቀዳሚውን መንገድ የጠረጉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ልጃቸው ኦቲዝም ስለ ነበረበትና በትምህርት ቤት ተቀባይነት በማጣቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ፤ በሥሩም ጆይ የኦቲዝም ማእከል ተከፈተ። በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ፥ ለመናገር የዘገዩ ልጆችን የሚረዳ «አቡጊዳ» የተሰኘ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ከዚህም በላይ የልጃቸውን ሁኔታ በራዲዮና በቴሌቪዥን በግልጽ መናገራቸው ብዙ የተዘጋ በር አስከፍቷል። በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከዚህ ሌላ በወላጆች የተመሠረተው ነህምያ የኦቲዝም ማእከል በአዲስ አበባ ይገኛል። በለንደን የሆነው በኛም ዘንድ መሆኑን እዚህ ላይ እናያለን፤ መሠረቱን የጣሉት ወላጆች ናቸው። ማእከሎቹ ግን ከፈላጊው ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ለገጠሩ ሕዝብም ሩቅ ናቸው።

ለ/ ሕክምና። ወላጅ ልጁን በመጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ቢወስድ፥ ከዚያ የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይላካል። ጆሮው ይመረመራል፤ የሚጥል በሽታ ካለ ይታከማል፤ ሁኔታውም ስም ያገኛል። ስም ማግኘት ትንሽ ነገር አይምሰለን። ለሰፈራችን እናት 11 ዓመት የፈጀባቸው እሱ ነው። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ለዚህ ጥሩ መንገድ ናቸው። ወላጅ ጠበል ሊያጠምቅ ወይም ሊያስቀራ ቢፈልግ ከሃይማኖቱ ጋር አልጣላም፤ ብዙ ቤተሰብ ብርታት የሚያገኘው ከዚያ ነው። የምለው፥ ልጁ አይታሰር፥ አይገረፍ፥ የጀመረውን የሚጥል በሽታ መድኃኒትም አያቋርጥ ነው።

ሐ/ የአሳዳጊዎች ሥልጠና። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ላላቸው፥ የዕድገት ችግር ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው። በአገራችንም ከባህላችን ጋር እንዲስማማ ተደርጎ በአዲስ አበባና በገጠር ተሞክሯል። ሥልጠናውን ለመስጠት የግድ የአእምሮ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ተገቢውን ትምህርት ያገኘ ሌላ ሠራተኛም ሊሰጠው ይችላል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በቤት ውስጥ ባለው ነገር ነው። ለምሳሌ ልጁ የጠርሙስ ክዳን ሲደረድር እናቲቱ ከመንጠቅ ይልቅ አጠገቡ ቁጭ ብላ አብራው ትደረድራለች፤ አንድ ክዳን በእጇ ይዛ ትቆያለች፤ ልጁ ቀና ብሎ ሲያያት ወይም እጁን ሲዘረጋ ያን ጊዜ «እንካ» ብላ ትሰጠዋለች። መግባባት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ትታ አጭር ቃል ትናገራለች፤ መልስ እስኪያገኝ ትታገሠዋለች። እጅ መታጠብን ስታስተምረው ሥራውን ትከፋፍለዋለች፤ መጀመሪያ እጅን ማቅረብ፥ ቀጥሎ ሳሙና መንካት፥ ቀጥሎ ማሸት፤ በያንዳንዱ ደረጃ ታመሰግነዋለች። ሲጮህና ሲማታ «ከመጮሁ በፊት ምን ሆነ? ከጮኸ በኋላስ ምን አገኘ?» ብላ ትመረምራለች። ሙቀጫው ካስጮኸው ቡናው ከመወቀጡ በፊት ልጁን ወደ ውጭ ማውጣት ከዱላ ይበልጣል። ሥልጠናው ስለ አሳዳጊው ስለ ራሱ ዕረፍትና ጤናም ይናገራል፤ ድካም የጨረሰው ሰው ትዕግሥት ከየት ያመጣል? ድርጅቱ ይህንን ትምህርት ከ2022 ወዲህ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ አቅርቦታል።

መ/ ሕግ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ዜጎች የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ ስምምነቱም በአንቀጽ 24 እነዚህ ልጆች ከሌሎች ጋር አብረው የመማር መብት እንዳላቸው ይናገራል። «ሌሎቹን ይረብሻል» ብሎ ልጁን ከበር የሚመልስ ትምህርት ቤት ከዚህ ቃል ጋር ይጋጫል። ነገር ግን ወረቀቱ ብቻውን ልጁን አያስተምረውም። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ የታጨቀበትና ስለ ኦቲዝም ምንም ያልተነገረው መምህር ልጁን ቢፈራው በርሱ ብቻ መፍረድ አይቻልም። መምህሩም መማር፥ ረዳትም ማግኘት አለበት።

5ኛ/ የኛ ድርሻ

«ይህ የመንግሥትና የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። የመንግሥት ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ትምህርት ቤት መክፈትና ባለሙያ ማሠልጠን በተማሪ አቅም የሚሆን አይደለም። ነገር ግን ከዚህ በታች ያሉት በጀት አይጠይቁም።

አንደኛ፥ ቋንቋችንን እናርም። ሰው አልናገር ሲለን «ኦቲዝም አለበት እንዴ?» ብለን በካፌ የምንቀልድ እኛው ነን። ያን ቀልድ ከሚሰሙት መካከል እንዲህ ያለ ወንድም እቤቱ ያለው ይኖር ይሆናል፤ ቀልዱን ከሰማ በኋላ ስለ ወንድሙ አፉን አይከፍትም።

ሁለተኛ፥ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ የምናውቀውን እንናገር። ባላገሩ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ የሚናገረውን ይሰማል። «ልጁ የተለከፈ አይደለም፤ እናቱም አልበደለችም፤ ጤና ጣቢያ ይታይ» የሚል አንድ ቃል በዕድር ስብሰባ ላይ ቢነገር ከስንት ዓመት ድብብቆሽ ሊያድን ይችላል።

ሦስተኛ፥ እንግሊዝኛ ማንበብ የምንችል፥ በስልካችን ኢንተርኔት የሚገባ፥ ያን በነፃ የሚገኝ ትምህርት አንብበን ለአንድ ቤተሰብ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በትግርኛ፥ በየቋንቋችን ልናስረዳ እንችላለን። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን የምንል ይህ በቀጥታ የኛ ሥራ ነው። የሕግ ተማሪ ሕጉን፥ የሥነ ልቡና ተማሪ ዘዴውን ያስረዳ።

አራተኛ፥ ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ የሚበልጠው፥ ለቤተሰቡ ሁለት ሰዓት መስጠት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ተማሪዎች ሄደው፥ እናቲቱ ስለ ልጁ ጠባይ በሚገባ ካስረዳቻቸው በኋላ ከልጁ ጋር ቢቀመጡ፥ እሷ ገበያ ትደርሳለች፥ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ትሳለማለች፥ ወይም ትተኛለች። ይህን ለማድረግ የተማሪው ማኅበር አንድ መዝገብ ቢከፍትና በየሳምንቱ ተራ ቢያወጣ በቂ ነው። ያንኑ መዝገብ በመጠቀም በአንድ ሰፈር ያሉትን ወላጆች እርስ በርሳቸው ማገናኘት ይቻላል። ዕድርና ማኅበር ለለመደ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለሙት የምንሰባሰበውን ያህል ለሕያው ልጅም መሰባሰብ እንችላለን።

ባለፈው ዕረፍት እኒያን እናት ሄጄ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው በልጅነቴ ስሙን ያላወቅሁት፥ ዛሬ እንደኔ ጢም ያወጣ ወጣት ነው፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ክር ይጠቀልላል። ስሙን ጠርቼ ሰላም አልሁት፤ ዘወር አላለም፤ ቆየት ብሎ ግን የክሩን ጫፍ እጄ ላይ አኖረው። እናቱ ቡና አፈሉ። ስለ ትምህርት ቤት፥ ስለ ማእከል ስናወራ ቆየንና «ልጄ፥ ለትንንሾቹ መጥቷል ትላለህ፤ ደግ ነው። የኔ ግን አድጓል። እኔ ካለፍሁ ማን ያየዋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ ሌሊት ሌሊት የሚያስበው ይህንኑ ነው። መልሱም ከአንድ ሰው አይመጣም፤ ልጁን በስሙ ከሚጠራ ሰፈር፥ በሩን ከሚከፍት ትምህርት ቤት፥ ሕጉን ከሚፈጽም መንግሥት ተሰብስቦ የሚመጣ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እስከ ዛሬ ሃምሳውንም ሎሚ የተሸከመችው እናቲቱ ብቻዋን ነበረች። እያንዳንዳችን ከርሷ ላይ አንዲት ሎሚ ብናነሣ ከዩኒቨርሲቲው ትምህርታችን አንዲት ሰዓት እንኳ አይጎድልብንም።